ሊማሊሞን የወረደው ፈሪ

አያ ታከለ አረፈ ሲሉኝ አላመንኩም። ስልኩ ላይ ያለው ሰው ደጋግሞ ነገረኝ፤ ጆሮዬ ደካማ ነው። ዕድሜ ልኬን ላሜራ ስቀጠቅጥ የኖርኩ ባትላሜራ ነኝ፤ የተጨረማመተ ማኪና አቀናለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ ጆሮዬ በዚያው ሄደ። "በምን ሞተ?" አልኩ ጮኼ። "ተኝቶ ነው፤ ጠዋት ቢቀሰቅሱት አልነቃም" አሉኝ። ከሁሉ የገረመኝ እሱ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሞት በብሎን ቀዳዳ ሾልኮ ይመጣብኛል እያለ ሲጠባበቅ የኖረ ሰው፣ ቤቱ፣ አልጋው ላይ፣ ምንም ሳይሰማ ሄደ።

አዘዞ ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ አጠገቤ ካሉት ጎረምሶች አንዱ "ፈሪው ታከለ ነው አይደል የሞተው?" ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። እኔ የሰማሁት ከሆነማ ድንኳኑ በሙሉ ሰምቷል ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ አንገቱን አንቄ አወጣው ነበር። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፈሪ መሆኑንስ ፈሪ ነበር። ይኼን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አዘዞ ካለው ጋራዥ እሱ በሞተር፣ እኔ በላሜራ፣ ጎን ለጎን ስንት ዘመን ሠርተናል። ማኪና ማንሻውን ክሪክ አያምንም። ማኪና አንስቶ ሥሩ ከመግባቱ በፊት ድንጋይ ይደረድራል፣ በድንጋዩ ላይ እንጨት፣ በእንጨቱ ላይ አሮጌ ጎማ፤ ከዚያ ያማትብና ጭንቅላቱን ብቻ ያስገባል። የኤሌክትሪክ ገመድ ይፈራል። መሰላል ይፈራል። ውሻ ሲጮህ ከማኪናው ወዲያ ማዶ ይዞራል። ይኼ ሁሉ ባልከፋ፤ በልቡ የሚፈራ በየቤቱ ሞልቷል። የአያ ታከለ ጉድ አፍ አውጥቶ መናገሩ ነው። ሞተር ሲያዳምጥ ይቆይና ቀና ብሎ፣ ባለማኪናው ፊት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ፈራሁ" ይላል።

እንዲያ ያለ ነገር በጎንደር አይባልም። ወንድ ልጅ "ተጠራጠርኩ" ይላል፣ "ደስ አላለኝም" ይላል፣ ቢብስበት "ሰጋሁ" ይላል። እሱ ግን "ፈራሁ" ነው። ባለማኪናው ይስቃል፣ ረዳቱ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እሱ ቁልፉን ያነሳና የገጠመውን ሞተር እንደገና መፍታት ይጀምራል።

ማዳመጫው የወይራ ዘንግ ነበረች። ሌላው መካኒክ ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። እሱ የክንድ ያህል ርዝመት ያላትን ዘንግ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያስደግፍና ሌላውን በጥርሱ ነክሶ ዓይኑን ይጨፍናል። "ጆሮዬን አላምነውም" ይለኛል፤ "አንተ ከጎኔ ሆነህ ስትቀጠቅጥ ውለህ ምን ይሰማል? ጥርሴ ግን የሚሰማው ሞተሩን ብቻ ነው።"

ሌላው ጠባዩ ጥያቄው ነው። ሞተር ከመክደኑ በፊት ባለማኪናውን "ማን ይቀመጥበታል?" ይለዋል።

"ሰው ነዋ! ምን ሊቀመጥበት ኖሯል?"

"ስሙን ንገረኝ እንጂ።"

"ወይ ጣጣ! የተሳፋሪ ስም ከየት ላምጣልህ?"

አንዴ የኮላ ድባ መስመር ሚኒባስ ሞተር ሠርቶ ልቡ አላርፍ ቢለው፣ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ጋቢና ተቀመጠ። ማኪናው ሲነሳ ዳዊቱን ከኪሱ አውጥቶ ማነብነብ ጀመረ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ "ሰውየው ማነው?" ብላ ጠየቀች። ረዳቱም ሞኝ ነው፣ "ሞተሩን የሠራው መካኒክ ነው" አላት። ግማሹ ተሳፋሪ አዘዞ ላይ ወረደ። ነጂው ከዚያ ወዲህ በጋራዡ ደጅ ሲያልፍ እንኳ ሰላም አይለንም ነበር።

እንግዲህ ወደ እትዬ ትርንጎ ማኪና ልምጣ። እትዬ ትርንጎ ቀሃ የሚኖሩ፣ ከሆስፒታል በጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ባላቸው የሞቱት አንድ ልጃቸው ይርጋ ገና ሕፃን ሳለ ነው። አባታቸው በዘመናቸው ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅም ሊማሊሞን ወርደው ሰው ያመላልሱባት የነበረች ጥቁር የጣሊያን ስሪት ማኪና ነበረቻቸው። ሽማግሌው ሲሞቱ ጎማዋ ወልቆ፣ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆማ ቀረች። ይርጋ የዛሪማ ልጅ ሲያጭ እትዬ ትርንጎ ብድግ አሉ። "ሙሽራዋ በአባቴ ማኪና ነው የምትመጣው!" ዛሪማ ደግሞ ከሊማሊሞ ሥር ነው። ዓለም ሁሉ በሚኒባስ ሙሽራ በሚያመጣበት ዘመን!

እኔ ማኪናዋን ገና ስትመጣ ወደድኳት። አሁን እንደዚያ ያለ ላሜራ ከየት ይገኛል? ቀጠቀጥኩ፣ አለሰለስኩ፣ ፊት የሚያሳይ ጥቁር ቀለም ቀባኋት። የሞተሩ ጣጣ ግን ለአያ ታከለ ተረፈ።

ከአራቱ ቢየላዎች አንዱ ተጣሞ ነበር። ቢየላ ማለት ፒስተኑን ከሥር ካለው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት ነው። የታችኛው ጫፉ እንደ ቀለበት ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ ታችኛው ግማሽ ቆብ ነው፣ በብሎን ይገጠማል። ቢየላና ቆቡ ገና ሲሠሩ አንድ ላይ ተገጥመው ስለተሞረዱ የአንዱ ቆብ ለሌላው አይሆንም። እሺ ብሎ ቢገጥም እንኳ ቀለበቱ ክብ አይሆንም። ክብ ካልሆነ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ በኋላ ተሰብሮ የሞተሩን ሆድ ቀዶ ይወጣል። አያ ታከለ አፈላልጎ፣ ኮላ ድባ ውስጥ ወፍጮ ሲያሽከረክር የኖረ፣ ልክ እንደዚያው ያለ ሞተር አገኘ። አንድ ጤነኛ ቢየላ ሊወስድለት ሁለቱንም ፈታ። እያንዳንዱን ቆብ ከገዛ ቢየላው ጋር በክር አሰረ፤ የማኪናዋን በቀይ፣ የወፍጮውን በጥቁር።

በዚህ መሐል ከተማው ታወከ። የጋራዡ ባለቤት "ንብረት ያላችሁ ውሰዱ፣ እኔ ኃላፊነት አልወስድም" አለና በሩን ዘጋ። እትዬ ትርንጎ ሁለቱንም የተፈቱ ሞተሮች በማዳበሪያ ከረጢት አስጭነው ቤታቸው አስገቡ። ነገሩ በርዶ ጋራዡ ሲከፈት፣ ሠርጉም ሲቃረብ፣ አያ ታከለና እኔ ብረቶቹን ልንወስድ ቀሃ ሄድን። እትዬ ትርንጎ ፊታቸው በርቶ በር ላይ ጠበቁን።

"ግቡ እስቲ፣ ግቡ! ጉድ ታያላችሁ!"

ለድግሱ ሥራ የተሰበሰቡት የሰፈር ሴቶች ብረቱን ሁሉ በአመድና በሎሚ ፈትገው ነጭ ጨርቅ ላይ በየዓይነቱ ደርድረውታል። ቢየላው ከቢየላ፣ ቆቡ ከቆብ፣ ብሎኑ ከብሎን። እንዳይዝግ ደግሞ ለጋ ቅቤ ቀብተውታል። ቤቱ የሙሽራ ራስ ይሸታል። ክር የሚባል ነገር የለም።

"ክሩስ እትዬ?" አለ አያ ታከለ።

"ያ ግራሶ የጠጣው ቡትቶ? በጥሰን ጣልነው እንጂ! የአባቴን ዕቃ በእሱ አስሬ ላስቀምጥ?"

እኔ ሳቄ መጣ። አያ ታከለ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ስምንት ቢየላ፣ ስምንት ቆብ፣ ሁሉም እንደ ብር ያብለጨልጫል። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሴቶቹ ምስጋና እየጠበቁ ቆመዋል። "እጃችሁ ይባረክ፣ ሸጋ አድርጋችኋል" አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ እንድሰማው ጮክ አድርጎ፣ "ፈራሁ" አለኝ። ሴቶቹም ሰሙ።

የሚያደርገውን ያየሁት ያኔ ነው። ጋራዡ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንዱን ቢየላ ከአንዱ ቆብ ጋር ይገጥማል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሁለቱ በተገናኙበት መስመር ላይ ጥፍሩን ይስባል። ጥፍሩ ከተያዘ ባዕድ ናቸው። ጥፍሩ ሳይያዝ ካለፈ ዘመድ ናቸው። ይገጥማል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይፈታል። ምሳ ስንጠራው አይሰማም። ሦስቱን በእርግጠኝነት አገኘ። አራተኛው ላይ ጥፍሩ አልተያዘም፤ ነገር ግን ፊቱ አልፈታ አለ።

"አለፈልህ አይደል? ምን ፈለግህ?" አልኩት።

"አለፈ። ግን አልወደድኩትም። ቶርኖ ቤት ወስጄ ማስለካት አለብኝ።"

ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ደግሞ መብራት እየጠፋ ወረፋው በዝቷል፤ ከሠርጉ በፊት አይደርስም። እትዬ ትርንጎ በየቀኑ እየመጡ "ኧረ ታከለ፣ በሠርጌ አታዋርደኝ" ይሉታል። መቼስ ምን ያድርግ፤ ለማዳመጥ ያህል ብሎ ገጠመው። ሞተሩ ሲነሳ፣ አቤት ድምፁ! ዘበኛው አጨበጨበ፣ እትዬ ትርንጎ እልል አሉ። አያ ታከለ ዘንጉን ነክሶ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

"አራተኛው ያንኳኳል" አለ። "ግቢ ውስጥ ትዙር። ከበር ግን አትወጣም። ፈራሁ።"

የእትዬ ትርንጎ ታናሽ ወንድም ባየ አጠገባችን ቆሟል። ባየ የጭነት ማኪና ነጂ ነበር፤ ሰፊ ትከሻ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ፣ ሊማሊሞን ዓይኔን ጨፍኜ እወርዳለሁ ባይ። "ምነው አያ ታከለ፣ ሞተር ነው ወይስ ጅብ?" አለና ግቢውን በሳቅ ሞላው።

የሠርጉ ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ አያ ታከለ ቅዳሴ ላይ ሳለ ባየ መጥቶ ማኪናዋን አስነሥቶ ሄደ። እኔ ስደርስ ዘበኛው "ቀለሟ እንዴት ታምራለች!" አለኝ፤ ሞኙ እኔ ደስ አለኝ። አያ ታከለ ነጠላውን እንደለበሰ መጣና ማኪናዋ የቆመችበትን ቦታ አየ። ከንፈሩ ነጣ።

"ማን ተቀመጠባት?"

"ባየ፣ እትዬ ትርንጎ፣ ይርጋ" አልኩት።

ክንዴን ይዞ ጎተተኝ፤ በሌላ እጁ የወይራ ዘንጉን ይዟል። ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ገባን። መንገዱን በሙሉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ አስፋልቱን ያያል፤ ዘይት ጠብ ብሎ እንደሆነ፣ የጎማ ፍትጊያ ካለ። ከፊታችን ሰው ተሰብስቦ ካየ ትንፋሹ ይቆማል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ገበያ ነው የተሰበሰበው፤ እሱ ግን እስክናልፈው ድረስ ጉልበቴን ጨምድዶ ይዞኝ ነበር። እኔ እንኳ ቀልደኛ ነኝ ባይ ነበርኩ፤ ዳባት ስንደርስ ግን እኔም መስኮቱ ላይ ተለጥፌ አስፋልቱን አያለሁ። ፍርሃት እንደ ጉንፋን ይጋባል ለካ!

ደባርቅ ደረስን። ማኪናዋ በአበባና በሪባን አጊጣ ምግብ ቤት ደጅ ቆማለች። ሚዜዎቹና ዘመዶቹ በሚኒባስ ቀድመው ወርደዋል፤ እትዬ ትርንጎ፣ ይርጋና ባየ ሊነሡ ነው። አያ ታከለ እየሮጠ ሄዶ ከማኪናዋ ፊት ቆመ።

"አትውረዱ። ስለ እግዚአብሔር፣ አትውረዱ።"

"ከጎንደር እዚህ ድረስ መጥታ የለም እንዴ? ምን ሆነች?" አለ ባየ።

"መምጣቷ ነው የሚያስፈራኝ። በተጓዘች ቁጥር እየባሰባት ነው።"

እትዬ ትርንጎ ዕንባቸው መጣ። "ታከለ፣ የሙሽራዋ ሰዎች ዳስ ጥለው ይጠብቁናል። በሠርጌ ቀን ምነው ታሟርትብኛለህ?"

አያ ታከለ አንገቱን ደፋ። "እንግዲያው እኔም ልሳፈር" አለ። በወጣትነቱ አንዴ ሊማሊሞን ወርዶ ሁለተኛ አልደግምም ብሎ የማለ ሰው ነው። ባየ ከት ብሎ ሳቀ። "ግባ! ፈሪ ሊማሊሞን ሲወርድ ማየትማ አለብኝ!" አያ ታከለ ጋቢና ገባ፣ እኔ ከኋላ ከእናትና ልጅ ጋር ተጨናንቄ ተቀመጥኩ።

ሊማሊሞን ላላየው ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ገደሉን ፈልፍለው የሠሩት መንገድ ነው፤ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ክረምት ሲሆን ጉም ስለሚሸፍነው አያስታውቅም። ጥር ላይ ግን ሁሉም ይታያል፤ ታች ያለው ወንዝ እንደ ክር፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሣር የሚነጩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች፣ ወድቆ የቀረ የጭነት ማኪና አጽም። ሊማሊሞ ደግሞ በፍሬን አይወረድም። ፍሬን ይግላል፣ ይቃጠላል፣ ያልቃል። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ነው ቆንጥጦ የሚይዝ። ሞተሩ ሲሰበር የሚይዝ የለም። ይኼን ከባየ ጀምሮ ሁላችንም እናውቃለን።

ባየ እየዘፈነ ይነዳል። አያ ታከለ ዘንጉን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ጫፉን ነክሶ፣ ጎንበስ ብሏል። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። አንድ ኩርባ ዞርን፣ ሁለተኛ ዞርን። የፍሬን ሽታ መጣ። እኔ በበኩሌ ወደ ገደሉ ላለማየት የይርጋን ከረባት እያየሁ ነበር። አያ ታከለ ቀና ብሎ ወደ ኋላ ዞረ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ና፣ አንተ ንከሰው" አለኝ።

"እኔ ደንቆሮ ምን እሰማለሁ?"

"ንከሰው አልኩህ!"

በሁለቱ ወንበሮች መሐል አጎንብሼ ነከስኩት። የማርያም ያለህ! ከስንት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ጥርት ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከመንጋጋዬ ገብቶ የራስ ቅሌ ውስጥ ያንኳኳል፤ ጓ፣ ጓ፣ ጓ፣ አንድ ሰው መዶሻ ይዞ ከውስጥ በር ሊሰብር እንደሚታገል። ጮኼ ቀና አልኩ። "አቁም! ባየ አቁም!"

"ሁለት ፈሪ ጫንኩ እንዴ ዛሬ!" አለ ባየ፤ አላቆመም።

አያ ታከለ ዘንጉን ወደ እትዬ ትርንጎ ዘረጋ። ድምፁ ሊያለቅስ እንደ ተቃረበ ሕፃን ሆኗል። "እትዬ፣ እርስዎ ነርስ ነዎት። ስንት ልብ አዳምጠዋል። ይቺንም ያዳምጡልኝ፤ ደኅና ናት ካሉኝ አፌን እዘጋለሁ።"

እትዬ ትርንጎ የሠርግ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አጎነበሱ። ዘንጉን ነከሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀና ሲሉ አላለቀሱም፣ አልጮኹም። በሆስፒታል እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አውቃለሁ፤ ሐኪም ወጥቶ ቤተሰብ ሲጠራ።

"ባየ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አሁን አቁማት።"

ቆመች። ተጣድፈን ወረድን፤ እግሬ መሬት ሲነካ መሬቱን ልስም ምንም አልቀረኝ። ግን የቆምንበት ጠባብ ነው። ከኋላችን የጭነት ማኪናዎች ደርሰው ይነፋሉ፣ ከታች የሚወጡትም ቆመው ይነፋሉ። ረዳቶቹ ወርደው "አንሡልን እንጂ! መንገድ ዘጋችሁ!" ይላሉ። ማኪናዋ ከፊት ካለው ኩርባ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ሰፊ ቦታ መድረስ አለባት። ያለ ሞተር ብንለቃት ፍሬኗ አይይዝም፤ ጎማው አጠገብ ቆመን እንኳ ሙቀቱ ይፈጀን ነበር።

"እኔ እወስዳታለሁ" አለ ባየ። ደፋርነቱን አልክድም፣ እጁ በሩን ይዟል።

"አይሆንም" አለ አያ ታከለ። "አንተ አትፈራም። ቶሎ ልገላገል ትላለህ፣ ትለቃታለህ። ይቺን የሚነዳ በየክንዱ እየፈራ የሚነዳ ነው።"

"እና ማን ሊነዳ ነው?"

አያ ታከለ አማተበ። ዳዊቱን አውጥቶ ለይርጋ አስያዘውና ገባ። በሩን ሲዘጋ ጥርሱ ሲንገጫገጭ፣ እኔ ጆሮ የሌለኝ ሰው፣ በዓይኔ አየሁ። ከአንዱ የጭነት ማኪና ታኮ ለመንኩና ያንን የጎማ ማስቆሚያ ግንድ ተሸክሜ ከኋላ ጎማዋ ጎን ለጎን መራመድ ጀመርኩ።

ወረደች። ሰው ከሚራመደው ቀስ ብላ ወረደች። አያ ታከለ ከገደሉ ሸሽቶ ወደ ተራራው አስጠጋት፤ አስጠጋትና ድንጋዩን እንድትነካ አደረገ። ጎኗ ከቋጥኙ ጋር ይፋተጋል። ያ ስንት ሳምንት የለፋሁበት ቀለም! ያ ላሜራ! "ኧረ ቀለሜን! ኧረ ቀለሜን!" እያልኩ እጮኻለሁ፤ እየጮኽኩም ይገባኛል፣ አውቆ ነው የሚፍቃት፣ ተራራው እንዲይዝለት ነው። ኩርባው ላይ ደረሰች። እዚያ ላይ ተራራው ያልቅና በአንዱ በኩል ቦይ ብቻ፣ በሌላው ገደል ይሆናል። ከመስታወቱ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። እንግዲህ ጥቂት ክንድ ብቻ ነበር የቀራት።

ያኔ ቢየላው ተሰበረ። ድምፁን እኔም ሰማሁት። ሆዷ ተቀዶ ብረቱ ወጣ፣ ትኩስ ዘይት መንገዱ ላይ ተዘረገፈ፣ የኋላ ጎማዎቿ ደርቀው ቆሙ። ግን አልቆመችም! ዘይቱ ላይ ተንሸራተተች፤ ቂጧ ወደ ገደሉ ዞረ። ታኮውን ከጎማው ሥር ወረወርኩት፣ ጎማው ገፋው፣ እኔም ወድቄ ዘይቱ ላይ ተዘረጋሁ። አያ ታከለ መሪውን ጥምዝዝ አድርጎ ፊቷን ቦዩ ውስጥ ከተተው። ላሜራው ሲጨራመት አየሁ። ቆመች። አንዱ የኋላ ጎማዋ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ነክቶ ነበር።

ባየ እየሮጠ መጥቶ ከታች ያለውን ገደል አየ፣ ማኪናዋን አየ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ኩርባ አየ፤ እሱ እየዘፈነ በሁለተኛ ማርሽ፣ እናትና ልጅ ጭኖ ሊዞረው የነበረውን። መንገዱ ላይ ቁጢጥ አለ።

በሩን እኔ ነኝ የከፈትኩት። አያ ታከለ መሪውን አልለቅም አለ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቅሁለት። ደግፌ ሳወርደው አየሁ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱም በታች ረጥቧል። ረዳቶቹም አዩ። አንዱ "ሰውየው ሸና!" ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ተነሣ። ሊማሊሞ ደግሞ ሳቅን መልሶ ያስተጋባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ስሙ አዘዞ ድረስ የሄደው፤ ድንኳን ውስጥ የሳቀው ጎረምሳም የሰማው ይኼንኑ ነው፣ ከዚህ ሌላ አልሰማም።

አያ ታከለ እንደ ልጅ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆመ። እትዬ ትርንጎ በሰው መሐል አልፈው መጡ። ለሠርጉ ያስጠለፉትን አዲስ ነጠላ ከትከሻቸው አወረዱና ወገቡ ላይ ጠመጠሙለት፤ ቁስል እንደሚያሽጉ አጥብቀው አሰሩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ይርጋ" አሉ፣ "ና፣ የአባት ጉልበት ሳም።"

ይርጋ በዚያ በአዲስ ሙሉ ልብሱ፣ በዘይቱ መሐል፣ ተንበረከከ።

"ተው ልጄ፣ ተው" አለ አያ ታከለ ወደ ኋላ እያለ፣ "ረጥቤያለሁ፣ ትቆሽሻለህ።"

ይርጋ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ሁለቱንም ጉልበቱን ሳመ።